የቃል እናቱ ልጅ

ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው ያልተከታተላችሁ ብትኖሩ አትቸገሩ፤ ያለፈውን ባጭሩ ነግሬያችሁ አብረን እንቀጥላለን። ከጎዳና የተነሱ ልጆች የሚያድጉበት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ልጆቹም ሠራተኞቹም «ቤቱ» ብቻ ነው የሚሉት። ቤቱ ልጅ አብልቶና አስተኝቶ ብቻ ሥራዬን ጨረስኩ አይልም፤ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ያደርሳል። የልደት ማስረጃ የሌለውን እየተሟገተ ያወጣለታል። ፈተና የወደቀውን ዓመት ሙሉ አስጠንቶ እንደገና ያስፈትነዋል። ያለፈውን ደግሞ ፍራሹን አሸክሞ ይሸኘዋል። ለእያንዳንዱ ልጅም አንዲት «የቃል እናት» ወይም አንድ «የቃል አባት» ይፈልግለታል። የቃል እናት ገንዘብ አትሰጥም፤ ሥራዋ መገኘት ነው። ካርድ ሲሰጥ፣ ልጁ ሲታመም፣ «ወላጅህን ይዘህ ና» ሲባል የምትሄደው እሷ ናት።

የእኛው ልጅ ጎዳና ሳለ፣ ማን የማንን ካርቶን ወሰደ፣ ማን በማን ቦታ ተኛ እየተባለ ጠብ ሲነሳ የሚገላግለው እሱ ስለነበረ «ዳኛው» አሉት። ስሙ ተከትሎት ቤቱ ገባ፤ ከቤቱም አልፎ ሕግ ትምህርት ቤት ገባ፤ አሁን ይኸው ሊመረቅ ነው። የቃል እናቱ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ግቢ ሙሉ ተማሪ በአንድ እይታ ጸጥ ሲያሰኙ የኖሩ ሴት ስለሆኑ የቤቱ ልጆች በሌሉበት «ደወል» ይሏቸዋል። እኒህ ሴት አንድ ልጅ አለቻቸው። ፋርማሲስት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እየመጣች ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ኬሚስትሪ ታስጠናለች። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ለሚያስላቸው ልጆች ሁሉ የሳል ሽሮፕ ይዛ ነበርና ስሟ ሽሮፕ ሆኖ ቀረ። ዳኛውና ሽሮፕ እንደሚዋደዱ ቤቱ ውስጥ ያላወቀ ልጅ የለም። አፍ አውጥተው ያልተናገሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የማጥኛው ክፍል ድሮ ጋራዥ ነበር። ወለሉ ላይ የዘይት እድፍ አለ፤ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። እዚያ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ እሱ ሲወጣ ሽሮፕ ትገባለች። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ተመልሶ ታናናሾቹን ማስጠናት አለበት፤ የቤቱ ሕግ ነው። በእሱ ሰዓትና በእሷ ሰዓት መካከል አንዲት ትንሽ ጊዜ ነበረች። እሱ ሰሌዳውን እያጠፋ የማይጨርስባት፣ እሷ መጽሐፎቿን ከቦርሳዋ እያወጣች የማታበቃባት። ልጆቹ በዚያች ጊዜ እንደ አጋጣሚ ሁሉም እርሳስ መቅረጽ ይጀምራሉ፤ ቀና የሚል የለም። ጎዳና ያደገ ልጅ መቼ ማየት፣ መቼ አለማየት እንዳለበት ያውቃል።

የዚያን ቅዳሜ ግን ሽሮፕ ስትደርስ ሰሌዳው ጠፍቶ፣ ዳኛውም ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ነበር።

«ምነው? ስልክህን አታነሳ፣ መልእክት አትመልስ። ደህና አይደለህም እንዴ?» አለችው።

«ደህና ነኝ። ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ከእኔ የሚያስደብቅ ሥራ?»

እንደ ወትሮው የሚስቅ መስሏት ነበር። እሱ ግን ጣቶቹ ላይ የቀረውን ጠመኔ እያየ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው። ግቢ እንጂ፣ እህቴ» አላት።

የእርሳሶቹ ድምፅ ቆመ።

«ምን አልከኝ?»

«እህቴ አልኩሽ። እህቴ አይደለሽ እንዴ?» አለና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሽሮፕ የዚያን ዕለት አስተማረች፤ እንዴት እንዳስተማረች ግን እግዜር ይወቀው። ሰሌዳው ላይ የጻፈችው ቀመር ከላይ እስከ ታች ስሕተት ነበር። ለወትሮው አንዲት ነጥብ ስትሳሳት «ያዝናት!» እያሉ የሚንጫጩት ልጆች ያን ዕለት ስሕተቱን እንዳለ ገለበጡት። እህቴ ክፉ ቃል አይደለም፤ ከባዕድ አፍ ሲመጣ እንዲያውም ያስደስታል። ካንድ ሰው አፍ ግን መስማት የማይፈለግ ቃል ነው። «ሊመረቅ ነው፤ ከእንግዲህ አንፈለግም ማለት ነው» አለች በልቧ። ከሩቅ ከተማ ሆስፒታል የሥራ ጥሪ መጥቶላት መልስ ሳትሰጥ ስታንገራግር ቆይታ ነበር። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ቆማ ደወለችና «እመጣለሁ» አለቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ የሆነ ነገር የቀለላት መሰላት፤ ወዲያው ግን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ነው።

ዳኛው እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላው ርዕሰ መምህርቷ ቤት ነው። ያን እሑድ ሽሮፕ ተረኛ ሆና ፋርማሲ ውላለች። ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን ካወለቁ ነገር አለ ማለት ነው፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው በሙሉ ይህን ያውቃሉ።

«ትናንት አውቶቡስ ፌርማታ አየኋችሁ» አሉ።

«ማንን እማዬ?»

«አንተንና እህትህን። ጉንጯ ላይ ጠመኔ ነበር፤ ጠረግህላት።»

ዳኛው እስከ ጆሮው ጋለ። እውነት ነው፣ ጠርጎላታል። ከዚያ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ነገር ግን ጠመኔው ከጠፋ በኋላ አውራ ጣቱ ጉንጯ ላይ ጥቂት ቆይቶ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ያዩት ያንን ጥቂት ነው።

«ልጄ፣ እኔ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ። አንተና እሷ። ሰው ሲጠይቀኝም እንዲሁ ነው የምለው። ልጆቼ ደግሞ ወንድምና እህት ናቸው። ተግባባን?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዳኛው ምን ያህል እንደከበደው እንድታውቁልኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሲተዋወቁ «እትዬ» እና «እርስዎ» ነበር የሚላቸው፤ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ። ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ታይፎይድ ጥሎት ሆስፒታል ተኛ። እሳቸው ከአልጋው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከረሙ። ትኩሳቱ የለቀቀው ጠዋት ነርሷ ልቡ መመለሱን ልታይ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው። «እማዬ ናት» አለ። ሰው ፊት አልቅሰው የማያውቁት ሴት ያን ጊዜ ተነስተው ኮሪደር ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ እትዬም እርስዎም ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ያልጠራውን ቃል በየሰበቡ እየደጋገመ፣ «እማዬ ውሃ ልጠጣ»፣ «እማዬ ሰዓቱ ስንት ነው» እያለ ጠገበው።

እንግዲህ ይቺን እማዬ ነው እምቢ ሊል የነበረው። የሰው ጠብ ሲፈርድ ያደገ ልጅ የራሱ ነገር ሲመጣበት አንድ ቃል አጣ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

«እሺ እማዬ» አለ።

«ጎበዝ ልጅ» አሉት፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ዳኛው እጁን ለመታጠብ ጓዳ ገብቶ ቧንቧውን ከፈተና ውሃው ሲፈስ እያየ ቆመ። ቅድም ምሳ ሲበላ ሙሉ ሰው ነበር።

ወደ ምረቃው ዋዜማ ልምጣ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ሳሎን ውስጥ ለነገ የሚለብሱትን ቀሚስ ይተኩሳሉ። ሽሮፕ ሻንጣዋን ሶፋው ላይ ዘርግታ ልብስ ታጥፋለች። ስለ ሩቁ ሆስፒታል ለእናቷ ነግራለች፤ እናትየውም «ለሥራሽ ይጠቅምሽ ይሆናል» ብለዋል።

«ነገ የቱን ነው የምትለብሺው?»

«እኔ አልሄድም።»

«ምን ማለት ነው አልሄድም? የወንድምሽ ምረቃ ነው እኮ።»

«አንቺም ወንድምሽ ትዪኛለሽ፤ እሱም ባለፈው እህቴ አለኝ። ተማክራችሁ ነው እንዴ?» አለች። ቀልዷን ነበር። የመራራ ሰው ቀልድ።

ካውያው ቀሚሱ ላይ ቆመ። ሽሮፕ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየችና እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ ሶፋው ላይ ጣለችው።

«እማዬ፣ እህቴ በላት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ርዕሰ መምህርቷ ውሸት አያውቁበትም። ካውያውን ነቅለው አቆሙት። «አዎ፤ እኔ ነኝ» አሉ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄ ልጄ ስትዪው ኖረሽ! ልጅነቱ ለካ እስከ ሳሎን ድረስ ነው? ከሳሎን አልፎ ሲመጣ ባዳ ሆነ?»

«አፍሽን ሰብስቢ!»

«አልሰበስብም! አባቱ የሚታወቅ፣ ደህና ቤት ያደገ ቢሆን ኖሮ እልል ትዪ ነበር። ካርቶን ላይ ስላደገ ነው አይደል? ለሰው ስትናገሪለት ያኮራሻል፤ ለልጅሽ ሲሆን ያሳፍርሻል።»

ርዕሰ መምህርቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አጎቶችሽን ታውቂያቸዋለሽ። የጎዳና ልጅ አነሳች ሲሏት ለካ ለልጇ ባል ስታሳድግ ኖሯል፣ ይሉኛል። እኔን ቢሉኝ ግድ የለም። ቤቱንስ? ነገ ሴት ልጅ ያላት እናት ሁሉ የቃል እናት ሁኚ ስትባል ትሸሻለች። ስንት ልጅ ያለ ሰው ይቀራል?»

«ምክንያትሽ ይሄ ነው?»

«አይደለም» አሉ። «ያ ልጅ አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ገደል ግባ ብለው ይገባል። አንቺን እወድሻለሁ ቢልሽ ወዶሽ ነው ወይስ የእኔን ውለታ እየመለሰ? እኔ በምን አውቃለሁ? አንቺስ በምን ታውቂያለሽ? አግብቶሽ ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግነኝ ቢኖርስ፣ ምን ዓይነት ትዳር ነው?»

ሽሮፕ እናቷን ለመጥላት ተዘጋጅታ ነበር፤ የእናቷ ፍርሃት ግን ገብቶ እሷም ሆድ ውስጥ ተቀመጠ። ያቺ ጉንጯ ላይ የቆየች አውራ ጣት፣ ያ የማያልቅ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ሁሉ ምስጋና ቢሆንስ?

በሩ ተንኳኳ።

ዳኛው መሆኑን ከማንኳኳቱ አወቁት። ሽሮፕ ዓይኗን አብሳ ወደ መኝታ ክፍል ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ርዕሰ መምህርቷ ከፈቱለት። የነገውን የወላጅ መቀመጫ ካርዶች ይዞ ነው የመጣው።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ።»

«ምን አልከኝ?»

«እትዬ አልኩዎት። ዛሬ የመጣሁበት ነገር እማዬ እያልኩ የምናገረው አይደለም።»

«ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ አልናገረውም።» ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንደ መጀመሪያው ጊዜ እጁን ሊያጣምር ነበር፤ ተወው። «የዚያን እሑድ እሺ ብዬዎት ነበር። የምችለው መስሎኝ ነው እንጂ እያታለልኩዎት አልነበረም። ሞከርኩ። ልጆቹ ፊት እህቴ አልኳት። ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለሁም። እትዬ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። የእርስዎ ልጅ ስለሆነች አይደለም፤ የእርስዎ ልጅ ባትሆን እንዴት በቀለለኝ! የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ሮጬ መጥቼ ለእርስዎ ነበር የምነግረው።»

ርዕሰ መምህርቷ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። «እምቢ እያልከኝ ነው?»

«አዎ። ቃሌን ከጀርባዎ ከማፈርስ ፊትዎ ቆሜ ላፍርስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እናትህ መሆኔ ቢቀርስ?»

ግድግዳው ላይ በየዓመቱ ከተማሪዎቻቸው ጋር የተነሷቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ዳኛው ዓይኑን እዚያ ላይ ጣለ። «ያንን አስቤ ነው እትዬ ብዬ የገባሁት። ከእርስዎ በፊት እናት አልነበረኝም፤ ከእርስዎም በኋላ አይኖረኝም። ግን እናት አገኘሁ ብዬ እሷን እህቴ እያልኩ መኖር አልችልም። ነገ ባይመጡ አልቀየምዎትም። አንድም ቀን አልቀየምዎትም።»

ርዕሰ መምህርቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሂድም አላሉት፣ ቆይም አላሉት። ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

ሽሮፕ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ የግቢው በር ላይ ደረሰችበት። «ቁም!»

ዞረ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ? እናት ነበረችህ እኮ!»

«ያለ እናት መኖር እንደሆነ የለመድኩት ነው፤ አዲስ አይሆንብኝም» አለና ሊስቅ ሞከረ። እንባው ቀደመው። ሽሮፕ ይህን ሰው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር፤ የሚያለቅሰው አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው። ጎዳና ላይ እንዲያ ነው የሚለቀሰው፤ የሰማ ሰው ይመታሃላ።

የሸሚዙን እጅጌ በሁለት እጇ ያዘች። «እኔም እወድሃለሁ። ሞኝ ነህ እንጂ ይሄኔ ታውቀው ነበር።»

«አውቀዋለሁ» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በእኔ ምክንያት እሷን እንዳታጪያት። አንዳችን ይበቃል።»

እወድሻለሁ የሚለውን ቃል ከእሱ የሰማችበት ቀን ከዕድሜዋ ሁሉ የሚያስደስታት ቀን እንደሚሆን ሽሮፕ ለረጅም ጊዜ ስታስብ ኖራለች። ይኸው ሰማች። የምታስበው ግን ሳሎን ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለቆሙት ሴት ነበር፤ ደስታዋም እንደ ጥፋት ከበዳት።

ቤቱ የምረቃ ዕለት አንድ ልማድ አለው። ተመራቂዎቹ ጋዋናቸውን ዩኒቨርሲቲ ሄደው አይለብሱም። ጠዋት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሰለፋሉ፤ የቃል እናት ወይም የቃል አባት ታለብሳቸዋለች፣ ያለብሳቸዋል። ከማልበሳቸው በፊት የቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ተመራቂውን በእጃቸው እያሳዩ «ይሄ የማን ነው?» ብለው ይጮኻሉ። ጥያቄውን ልጆቹ ያውቁታል። ጎዳና ሳሉ ዘበኛ በዱላ፣ ባለሱቅ በውሃ እያባረረ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ሲላቸው ኖሯል፤ መልስ አልነበራቸውም። ቤቱ ጥያቄውን ራሱን ወስዶ የደስታ ቀን ጥያቄ አደረገው። የቃል እናት «የእኔ ነው!» ብላ ትወጣለች፤ ግቢው በጭብጨባ ይናጋል።

የዘንድሮዎቹ ተመራቂዎች ሦስት ነበሩ። ነርስ የሆነችው ልጅ «የእኔ ናት!» ተብላ ለበሰች። አካውንታንቱ፣ ከረቫቱ ወደ ጎን እንደዞረ፣ «የእኔ ነው!» ተብሎ ለበሰ። ዳኛው ጋዋኑን ክንዱ ላይ አጥፎ ቆሞ ቀረ።

ሽሮፕ የመጣችው ብቻዋን ነው። ጠዋት የእናቷን ክፍል ብታንኳኳ መልስ አላገኘችም፤ ከቃል ወላጆቹ ጋር ሳይሆን ከማጥኛው ክፍል ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። ጋሼ የጫማቸውን ክር ፈተው እንደገና አሰሩ። የተመራቂዎቹን ቁጥር እንደገና ቆጠሩ፤ ሦስት ሰው ቆጥሮ መሳሳት የሚቻል ይመስል። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሹፌር ጥሩንባውን ነፋ። ሽማግሌው ሌላ ምክንያት ቢያጡ እጃቸውን ወደ ዳኛው ዘረጉ።

«ይሄ… የማን ነው?»

«የእኔ ነው» ብሎ የወጣ የለም። ዳኛው ፊት ለፊት እያየ ቆመ። ሽሮፕ አላስቻላትም፤ ከግድግዳው ተላቃ ወጣች። «እኔ ላልብሰው?»

«አንቺ አይሆንም» አላት፤ ፈገግ አለ። «አንቺ የእኔ ነው ካልሽ ሌላ ነገር ነው።»

ልጆቹ መሳቅ ጀምረው ነበር። ከግቢው በር በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ ያ ድምፅ ሲሰማ አፍ መዝጋት የለመዱት ሁሉ ዝም አሉ።

«የእኔ ነው!»

ርዕሰ መምህርቷ ነበሩ። በሕይወታቸው አርፍደው የማያውቁት ሴት የመዝጊያውን እጀታ ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል። ትናንት የተኮሱትን ቀሚስ አልለበሱም፤ ያገኙትን ደርበው ነው የወጡት። በሰልፉ መካከል አልፈው መጡና ጋዋኑን ከክንዱ ላይ ወስደው አለበሱት። ቁልፉን ያለ ቦታው ቆለፉ፤ ፈትተው እንደገና ቆለፉ።

«እትዬ…» አለ ዳኛው።

«እትዬህ ቤት ቀርታለች። ትናንት ከወጣህ በኋላ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ለካ ልጄ ነው አልኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ እሺ፣ እሺ ስትለኝ እንግዳ ነበርክ። እንግዳ ነው እሺ የሚለው። ልጅ እምቢ ይላል።»

ኮሌታውን አስተካክለውለት ወደ ሽሮፕ ዞሩ። «አንቺ፣ ነይ ወዲህ።»

ሽሮፕ ቀረበች። ርዕሰ መምህርቷ በግቢው ሁሉ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ድምፃቸው ግን የደወል ድምፅ አልነበረም።

«ይሄ ልጅ፣ ልጃችሁን ስጡኝ ብሎ የሚልከው ዘመድ የለውም። አባት የለው፣ አጎት የለው። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እናቱ ነኝና እኔው መጣሁ። ልጄ ይወድሻል። ታገቢልኛለሽ?»

ሽሮፕ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነባት። «እማዬ፣ እንዲህ ያለው ነገር እኮ የልጅቷ እናት ናት የምትጠየቀው።»

«ጠየቅኋታ» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። «ሌሊቱን ሙሉ ስለምናት አደርኩ። ክፉ ሴት ናት፤ እምቢ ስትለኝ ነጋ። አሁን እዚያ በር ላይ ቆሜ፣ ይሄ የማን ነው ሲባል መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው እሺ ያለችኝ።»